ኪያር በማር

ሐምሌ ሊገባደድ፣ ጥዱ ሙጫ ሲያልበው፣
በብስክሌት ነበርኩ፣ ሰዓት እንደሚገርፈው
የጋሪ ፈረስ። ፖስታ አዳይ ነኝ፤ የዚህ ሰፈር ሰው
ከፊቴ ይልቅ ጀርባዬን ነው የሚያውቀው።

የክሌመንሳስ ቤት ከመንገዱ ማብቂያ፣
ከሊዬፓ ዛፎች ሥር፣ ከደኑ መግቢያ።
ሊዬፓ ለእኛ ዛፍም ነው፣ ወርም ነው፤
ሐምሌን የምንቆጥረው በአፍንጫችን ነው።

ቦርሳዬ ውስጥ ለእሱ አንድ ደብዳቤ ነበር፤
ከአሊቱስ ሆስፒታል፣ ማኅተሙ የሚናገር።
ስንት ዓመት እንዲህ ያለ ፖስታ ሳድል፣
ክብደቱን ለምዶታል የመዳፌ መሐል።

አስፈርሜው ልሄድ አጥሩን ስደገፍ፣
ብቅ አለ ከጓሮ፣ ክንዱ በሙሉ ሰፈፍ፣
ማር ሲቆርጥ ውሎ። "ተቀመጪ" አለኝ።
"አሥራ አንድ ቤት ይቀረኛል" አልኩት። አልሰማኝ።

ደብዳቤውን አየው፤ ማኅተሙን አነበበ፤
አገላበጠና ወደ ሣጥን ቀረበ፣
ከንብ ማጨሻው ሥር ሸጎጠው። ታጠበ።

"ወረቀት አይሞቅም፣ አይጠወልግም" አለ፤
"ኪያር ግን ከጉድጓድ ውኃ ወጥቶ ከዋለ
ኪያርነቱ ያልቃል።"
                    ባልዲውን ሳበ።
አምስት ኪያር፣ ጠማማ፣ ጠብታ ያረገዘ፣
ቆዳው ኩርንችት፣ ሆዱ የቀዘቀዘ።
ለሁለት ሰነጠቀ በሰም ባደፈ ካራ፤
ወለላ አፈሰሰበት፣ ሳይሰፍር፣ ሳይራራ።

ልናገር ስል ቀድሞ ጣቱን ከንፈሩ ላይ፦
"የማር ወሬ ሲሰፍሩ ነው፤ ሲቀምሱ ዝም በይ።"

ነከስኩት።
          ምን ልበል? መጀመሪያ ብርዱ፣
ጥርስ ሥር ቀርጨም ሲል የውኃው መናዱ፤
ከዚያ ማሩ መጣ፣ ዘግየት ብሎ፣ በእርጋታ፣
በር ሳያንኳኳ እንደሚገባ ጎረቤት፣ በማታ፤
ከማሩም በኋላ፣ ከጉሮሮ ደጃፍ፣
መረር የምትል ነገር፦ የዛፍ፣ የዝናብ፣ የሰፈፍ።

አርባ አራት ዓመቴ ነው። ኪያር በማር አውቃለሁ፣
ከልጅነቴ ጀምሮ። ግን ቆሜ ነው የበላሁ።

አንዲት ንብ የባልዲውን ጠርዝ ስትልስ፣
አያት አያትና፣ ድምፁን አርጎ ቀስ፣
"ዕድሜዋን በሙሉ ብትለፋ" አለ "እቺ፣
የሻይ ማንኪያ አትሞላም። እና አሁን አንቺ
የዋጥሽው የስንቷ ዕድሜ ነው? እንዴት ቆሞ ይዋጣል?"
መልስ አልጠበቀም። ጣቱን ይልሳል።

በእኛ በሊቱዌንያ ከብት ይሞታል፤ ንብ ግን እንደ ሰው ታርፋለች፤
"ወዳጅ" የምንልባትም ቃል ከንብ ተወልዳለች።
ይህን ትምህርት ቤት ሸምድጃለሁ፤
ያን ቀን ግን ምላሴ ተማረች።

ስለ ደብዳቤው እኔም አላነሳሁ፣ እሱም አላነሳ።
በአምስተኛዋ ኪያር ብቻ ተጣላን፦ "አንቺ ብዪ"፣ "አንተ"፣
እስኪሰነጥቃት ድረስ።

ብስክሌቴ ላይ ወጣሁ፤ መሪው ተጣበቀኝ።
ሁለት ንብ ቦርሳዬን እየዞረ ሸኘኝ።
ዘግይቼ ደረስኩ አሥራ አንዱም ቤት፤
የመብራት ሂሳቡ፣ የሠርግ ጥሪው፣ የፍርድ ቤት
መጥሪያው፣ ሁሉም ጥጉ ላይ የጣቴ አሻራ አለበት፤
የሚያብለጨልጭ።

በማግስቱ ልብስ ሰፊዋ ባርቦራ በመስኮት ጠራችኝ፦
"ምን ነክቶት ነው የሚጣበቀው፣ ፖስታዬ?" አለችኝ።

"ላሺው" አልኳት።