አሥራ አንድ ሚሊ ሜትር

ከባቲ ቁልቁል፣ ደጋው ሲያበቃ፣
ግቢዬ መሀል፣ ቆሞ እንደ ጠበቃ፣
አንድ ቆርቆሮ አለ፣ አፉ ወደ ሰማይ፤
ጠዋት ሦስት ሰዓት ሆዱን ጎንበስ ብዬ የማይ።
ግብርና ነው የሰጠኝ። "ጦይባ፣ አደራ" አሉኝ፤
ደብተርና እርሳስ በሲባጎ አስረው ሰጡኝ።
ዐሥራ ሁለት ዓመት ሰማዩን ሰፈርኩ፣
ለቀዬው ሰው ግን የጠብታ ነጋዴ መሰልኩ።

ጎረቤቴ ሙሄ በደጄ ሲያልፍ ይስቃል፤
"ቆጥረሽ ቆጥረሽ፣ ሳሩ መቼ ይበቅላል?"
እውነቱን ነው። ቁጥር ከብት አያጠግብም።

ሽማግሌዎቹ ዱዓ አድርገው፣ ተራራውን ለሁለት ከፍለው፣
የግራውን ጎን በከንተፋ አጥረው፣
"ሦስት ክረምት ከብት አይግባ" አሉ፤
ቀኙን ለመንጋው ተዉት፣ እንደ ዱሮው ውሉ።

ቃሉ በወጣ በሁለተኛው ሐምሌ፣ ሌሊት ጣለ።
ጠዋት ሳነበው፣ አሥራ አንድ ሚሊ ሜትር አለ።
አሥራ አንድ። ለግራውም ለቀኙም፤
ሰማይ አጥር አያውቅም።
ወጥቼ አየሁ። በቀኝ በኩል
ውሃው ደም መስሎ ሲጣደፍ ቁልቁል፣
ኮቴ የጠቀጠቀው መሬት አላስገባ ብሎት፣
ቦረቦሩን ሌላ ክንድ አሰፍቶት፣
አፈራችንን ታቅፎ አፋር ወረደ።
በግራው በኩል ግን ውሃው አልሄደ፤
የአክርማው ሥር፣ የሰንበሌጡ ገለባ
እጁን ይዞ "የት ልትደርስ ነው? አረፍ በል፣ ግባ።"
ገባ።

ሙሄን ጠራሁት። "ይኸው፣ ዝናቡ ያው ነው።"
ዝም አለ። "በሬ ሆይ" ሲባል የሰማነው
ሳሩን አይቶ ገደሉን ስላላየ ነበር፤
የሙሄ በሬ ገደሉን ያያል፣ የለም እንጂ ሳር።

በዓመቱ ሰማዩ ተዘጋ። ደብተሬ ላይ
ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ከላይ እስከ ታች ሳይ
ሌላ ፊደል የማላውቅ መሰለኝ።
የታጠረውም ጎን ገረጣ። መዋሸት አይሆንልኝ፤
አጥር ዝናብ አይወልድም።
ሙሄ አንድ ሌሊት፣ ማንም አላየኝም
ብሎ ከንተፋውን ቆርጦ በሬውን አስገባ።
አየሁት፣ በጨረቃ። በሬው ያንን ገለባ
ሲግጥ፣ እሱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ።
ለማንም አልነገርኩም። ዛሬ ነው የጻፍኩት፣ በእርሳስ።

መስከረም ላይ፣ ተስፋ ከተቆረጠ በኋላ፣ ስምንት።
ቀኙ ጎን ጭቃ ሆነ፣ ደረቀ፣ ተሰነጠቀ፤ አለቀለት።
በግራው ግን፣ በስድስተኛው ቀን፣ ከዚያ ከገረጣው መሬት
ሰርዶው ብድግ አለ፣ ስሙን የጠሩት ይመስል በድንገት፤
ሥሩ ለካ አልሞተም ነበር።
በሬው የጋጠበት ብቻ ዘገየ፤ መሀል አናቱ የተላጨ ጠጉር
መስሎ እስከ ኅዳር ታየ።

ሙሄ በዚያ ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል፤
በደጄ ሲያልፍ ግን ይቆማል።
"ስንት ሆነ?" ይለኛል፣ ሳይስቅ።
አጥሩ ዘንድሮ ይፈታ፣ ይቀጥል፣ ገና ነው፤ ሽማግሌው አልታረቅ
ብሎ ተቀምጧል። እኔ ጎንበስ ብዬ አያለሁ።
ዛሬ፦ ዜሮ።
እጽፈዋለሁ።