ዘጠና ሰባት

በጥር፣ በኦውሉ ከተማ፣ ፀሐይ እንግዳ ናት፤
ካፖርቷን ሳታወልቅ ትሄዳለች ድንገት።
ስሜ ራይሞ ነው፣ በረዶ ጠራጊ፤
ስልክ እስኪጠራኝ ድረስ የዘንዶ ተዋጊ።
ግራ ቡት ጫማዬ ሶሉ ተሰንጥቆ
እግሬ ያነጋል ውሃ ውስጥ ተዘፍቆ።
አዲስ መግዛት ስችል ዛሬ ነገ ያልኩት
ሌላ ጫማ ስላለ ነው ሌት ተቀን ያለምኩት፦
የነጩ ዘንዶ ቆዳ፣ በብር ክር የተሰፋ፣
መስታወት ላይ ቢሮጡ ባለቤቱን የማይደፋ።
ከሁለት መቶ ዘንዶ አንዱ ነው አሉ የሚጥለው።
መቶ ስድሳ ሦስት ገድያለሁ።
(ቁጥሩ የሰፈረበት ወረቀት ፍሪጁ ላይ ነው።)

ጀግንነት ብቻ እንዳይመስላችሁ።
ወረፋ አለ። ዕቃ ማራገፍ አለ።
አንድ የመንደር ሽማግሌ አስር የተኩላ ጥርስ አዘዘኝ፤
ሠላሳ ተኩላ ገድዬ አራት ጥርስ ደረሰኝ።
በምን ሲያኝኩ ኖሩ ታዲያ? እስቲ አንድ ሰው ይንገረኝ!
ከረጢቴ ሲሞላ እንጉዳዩን እጥላለሁ፤
በማግስቱ "እንጉዳይ አምጣ" ስባል ፀጉሬን እነጫለሁ።
ድልድዩ መሀል ስደርስ ኢንተርኔቱ ይሞታል፤
ዓለም እንደ ግድግዳ ፎቶ ባለበት ይቆማል፤
ሲመለስ እኔ ገደል ግርጌ ተዘርግቻለሁ፣
ነፍሴ ከመቃብር ሥፍራ ሬሳዋን ፍለጋ ትሮጣለች፣
ሩብ ሰዓት፣ በባዶ እግሯ።
ማውሱ ላጠፋው ጥፋት ኪቦርዱ በቡጢ ተመታ፤
አይጥ በበላ ዳዋ ይሉታል ይህን ጨዋታ።

ያኔ ጣሪያዬ ይንኳኳል።
በመጥረጊያ እንጨት ነው፣ ሦስት ጊዜ፣ ረጋ ተብሎ፦
ላይኛው ፎቅ የሚኖሩት ወይዘሮ ቴለርቮ፣
የሒሳብ መምህርት የነበሩ፣ ዛሬ ጡረተኛ፣
በማስመሪያ የተሰመረ ደብዳቤ በሬ ላይ ለጥፈዋል፦
"ከምሽቱ አምስት ሰዓት በኋላ ሰው ይተኛ።"

ጓዶቼ? ዶክሱ አለ፣ ቡሳን፣ የዓሣ መኪና ሹፌር፤
ጋሻችን ነው፤ ሲርበው ግን ይሄዳል ሳይናገር።
ፈዋሻችን ጁሳራ ናት፣ ሬሲፌ፣ ባለ ሕፃን፤
ልጇ ሲያለቅስ ትነሳለች፣ እኛ እንሞታለን።
ቀስተኛው ግራጫ ጉጉት ይባላል፤ ወንድ ይሁን ሴት እንጃ፤
ዘንዶ ዓይን ላይ ይተክላል፤ ቃሉ "እሺ" ነው ብቻ።

ትናንት ሌሊት መቶ ስድሳ አራተኛው ወደቀ።
ጫማው ብልጭ አለ። ትንፋሼ ተጨነቀ።
ዕጣ ይጣል ተባለ፣ ከአንድ እስከ መቶ።
ዶክሱ፦ አስራ ሁለት። ጁሳራ፦ አርባ።
እኔ፦
ዘጠና ሰባት።
እግሬን ሞቀኝ። እውነቴን ነው፣ ግራው እንኳ ደረቀ።
ጉጉት ዘግይቶ ጣለ፦
ዘጠና ስምንት።
በዚያችው ቅጽበት፣ ከራሴ በላይ፣
ወንበር ተገለበጠ፤
"እሰይ! እሰይ! እሰይ!" የሚል ድምፅ ፎቁን አናወጠ።
ከዚያ ጸጥታ።
ስክሪኔ ላይ፦ "እሺ።"

ላሙ በሰማይ የቀረችበት ሰው ስንቱ ነው፤
የኔ ጫማ ግን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው።
መጥረጊያዬን አነሳሁ፣
መልሼ አስቀመጥኩ።

ስልኩ ጠራ፤ በረዶ ጥሏል፣ ከሌሊቱ አስር ሰዓት።
የመንገዱን ቁልል ሁሉ ገፍቼ ገፍቼ
የወይዘሮዋ መኪና ፊት ከመርኩት። አልዋሽም።
አንድ ሰፈር ሄጄ ተመለስኩና ጠረግሁት።
ደግነት አይደለም፤ ሐሙስ ሌላ ዘንዶ አለን፤
እንደሳቸው ያለ ቀስተኛ ከየት እናመጣለን?

ጠዋት ደረጃው ላይ ተገናኘን፣
እኔ እግሬን እየጎተትኩ፣ እሳቸው ወተት ይዘው።
በመነጽራቸው አናት ቁልቁል አዩኝና፦
"ሌሊት በጣም ይጮኻሉ" አሉኝ፤ "ደግሞም ቡትዎ ያፈሳል።
ሰው እንዴት አንድ ደህና ጫማ ያጣል?"
"እሺ" አልኩ።
ሁለት ደረጃ ወጡ።
ሦስተኛው ላይ እግራቸው ቆመ።