አፍ ማዋስ

ሐሙስ የሂርማታ ገበያ ሲበተን፣
በአሥር ሳንቲማችን ተጋፍተን ገብተን፣
አግዳሚው ላይ ሆነን ጭቃችንን ስንፍቅ፣
ነጩ አንሶላ ላይ ያን ሰው ስንጠብቅ፣

ሲሪል ሃቨርሻም መጣ ዓይኑን ተኳኩሎ፣
ወፍጮ ቤት የዋለ ፊቱን አስመስሎ።
ከንፈሩ ይሠራል፣ ቃል ግን አይወጣው፤
ተማም አባ ጊሳ ከጎን አፍ አዋሰው።

«አካም ጂርታ?» አላት ያችን የሎርድ ልጅ፤
ማን እንግሊዝ አለው፣ የሰቃ ሰው እንጂ።
አንዳንዴ በአማርኛ ጠላቱን ሲረግም
ዘበኛው ከበሩ አሜን ሳይል አይቀርም።

ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው
ያኔ ነው ሲሪል ብቻውን የቀረው፣
እንደ አገሩ ዘመን አንደበት ያጠረው።

መጨረሻው ጥቅል፣ ድሮ አይጥ በልቶታል፤
ሲሪል ከመርከቡ ጫፍ ቆሞ ይቀራል።
ቀሪውን ተማም ነው በጨለማ የሚሞላው፤
አንድ ሐሙስ ይድናል፣ አንድ ሐሙስ ባሕር በላው።
ሚስቱ በሞተች ሰሞን (የተማም ማለቴ ነው)
ሲሪል ሦስት ሐሙስ ሰጠመ። ማንም አልጠየቀው።

ኋላ ነው የሰማነው፣ ከአንድ የሚሲዮን መምህር፦
ፊልም አፍ ሲያወጣ የሲሪል ድምፅ ነበር
ቀጭን፣ ሲጢጥ የሚል፣ ዘይት ያጣ ማጠፊያ።
ሳቁበት። ባርኔጣ ሻጭ ሆነ። አበቃ በዚያ።

እኛ ግን አልሰማንም፤ ለኛ ገና ጎልማሳ፣
ገና ባለ ግርማ፣ በተማም አባ ጊሳ።

ጅማም የሚናገር ማሽን የገባ ዕለት
ተማም ዘንጉን ሰጠኝ፣ ብርቱካን ላወርድበት።
«ዳነ ወይስ ሰጠመ?» ብዬ ብጠይቀው፣
«ወርዷል፣» አለኝ፤ «ደጅ ላይ ጭቃውን እየጠረገ ነው።»