የጀርባው ዚፕ

ሁለት ልብስ ተዘርግቷል በንብረት ክፍሉ ጠረጴዛ፣
አንዱ ቀላል፣ እንደ ድንኳን ሸራ፤ አንዱ ጎማ፣ ጥቁር፣ ደንዛዛ።
እጃቸው ወደ ላይ፣ እግራቸው ወደ ታች፣ አንገታቸው ባዶ፤
እጅ የሰጠ ሰው ይመስላሉ፣ ውስጡ የነበረው ተወስዶ።

«ምረጥ» አሉኝ ወይዘሮ አመለወርቅ፣ መነጽራቸውን ግንባር ላይ ሰቅለው፤
«ሦስት ፕሮፎርማ ነበር፤ አንዱ ወድቋል፤ የቀሩት እነዚህ ናቸው።
ሸራው በአርባ ሺህ ይረክሳል፤ ጎማውን ካልክ ምክንያት ጻፍልኝ፤
ኦዲተር ሲመጣ አንተ ሐይቅ ውስጥ ነህ፤ እኔን ነው የሚጠይቀኝ።»

ትናንት ማታ ለልጄ ነገርኳት፣ ደረቅ ልብስ ሊገዛልን ነው ብዬ፣
ውሃ ገብቶ ሳይረጥብ የሚወጣ። ማራናታ ሳቀች፤ «አባዬ፣
ካልረጠብክ ምኑን ዋኘህ?»
መልስ አጣሁ። ስምንት ዓመቷ ነው።
የምሄደው ለዋና እንዳልሆነ ገና አልነገርናትም።

ከፍቅር ሐይቅ ዳር ለሚያየው የሀዋሳ ውሃ ሰማያዊ ነው፤
ጀልባ አለው፣ ፎቶ አንሺ አለው፣ ዓሣ ጥብስ አለው።
አምስት ሜትር ውረድ፤ አተላ ነው።
መብራት ብታበራ ጭጋግ ታበራለህ፤
የገዛ መዳፍህን አፍንጫህ ሥር አጥተህ ትፈልጋለህ።
እዚያ ታች ዓይኔ ጣቴ ነው፤
ጭቃ ይዳስሳል፣ የተጣለ መረብ፣ የፊላ ሥር፣ የባጃጅ ጎማ፣
አንዳንዴም
ማሰሪያው ያልተፈታ ጫማ።

ባለፈው ሰኔ፣ በምረቃው ሰሞን፣ ጀልባ የተገለበጠ ዕለት፣
በስስ የዋና ልብስ ነው የገባሁት፤ ሌላ አልነበረንም።
ልጁን አወጣነው።
እናቱ አሞራ ገደል ቆማ ነበር፣ ከአባ ኮዳዎቹ መሐል፤
የምረቃው አበባ ገና እጇ ላይ ነው።
ልብሱን ሰባት ጊዜ አጠብኩት፣ በሳሙና፣ በሎሚ፣ በበረኪና፤
ሽታው ስፌቱ ውስጥ ቤት ሠርቷል፤ ፀሐይ ሲነካው፣ እንደገና።

ስለዚህ ይሄን ጎማ ወደድኩት። ይከብዳል፤ ያሞቃል፤
አንገቱ፣ ዕዳህን እንደሚጠይቅ ሰው፣ ያንቃል፤
ግን አይጠጣም። ውሃ ስታፈስበት የያዘውን ይለቃል፤
የሐይቁን ለሐይቁ ትቶ ቤት ባዶውን ይገባል።

ሸራው ዚፑ ከፊት ነው፤ ከትከሻ ወርዶ እስከ ወገብ።
ብቻህን ትለብሳለህ፣ ብቻህን ትዘጋለህ፤
ሻጩም ያሞገሰው በዚሁ ነው፤ «የማንም እጅ አያሳይህም።»
የጎማው ዚፕ ከጀርባ ነው፤ ከትከሻ እስከ ትከሻ፤
ምንም ብትጠማዘዝ አትደርስበትም፤ ሰው ያስፈልግሃል በመጨረሻ።

እኔ ሌዳሞ አለኝ። ዓሣ አጥማጅ ነበር።
የዚፑን ጥርስ ሻማ ይቀባል፣ ትንፋሹ ማጅራቴ ላይ፣
ቀስ ብሎ ይስበዋል፤ ሲጨርስ ትከሻዬን ሁለቴ መታ መታ።
አይናገርም። ከዚያ ገመዱን ይይዛል።
አንዴ ስስብ «ደህና ነኝ» ነው፤ ሦስቴ «አገኘሁት»፤
አራቴ «አውጣኝ»።
አራቴ ስቤ አላውቅም። ሌዳሞ ግን ዳር ላይ የሚቆመው
ሁልጊዜ አራተኛውን እየጠበቀ ነው።

ራሴን አውቀዋለሁ፤
ሌሊት ስልክ ቢመጣ፣ ሌዳሞ መንገድ ላይ ቢዘገይ፣
አንዲት እናት ዳር ላይ ቆማ ዓይኗ ዓይኔ ላይ ቢተከል፣
በሸራው ብሆን
እገባለሁ።

«ምክንያት?» አሉ ወይዘሮ አመለወርቅ፣ ቅጹን ወደ እኔ ገፋ አድርገው።
«ለማጠብ ይመቻል» ብዬ ጻፍኩ። እውነት ነው፤ ኦዲተርም ይገባዋል።
ከሥሩ አንድ መስመር ክፍት ነበር። እስክሪብቶውን ይዤ ቆየሁና
ፈረምኩ።

ጎማውን አንስተው፣ አገላብጠው አዩት፤
«ይሄማ ከኋላ ነው የሚዘጋው! ማን ሊዘጋልህ?»

በመስኮቱ በኩል ሌዳሞ ይታየኛል፣
ጎንበስ ብሎ ጀልባውን ያጥባል።