የውኃ ተራ

ሐኪሟ ስክሪኑን ወደ ራሷ አዞረችው።
ዘጠኝ ሳምንት፤ የልብ ምት የለውም።
ክኒኑን በወረቀት ጠቅልላ፣
"በሰዓት ሁለት ሞዴስ ከሞላ
ሌሊትም ቢሆን ነይ" አለችኝ።
ሌላውን አልሰማሁም።

ከፒያሳ ወደ አዘዞ፣ ባጃጁ ጉድጓድ ሲዘል፣
እጄ ሆዴ ላይ፣ "ወንድሜ፣ ቀስ በል!"
ለማን ብዬ?

ሌሊቱ የሰፈራችን የውኃ ተራ ነበር።
ጄሪካኑ ውስጥ ሲንቆረቆር
እኔ ሽንት ቤቱ ወለል ላይ፤
ስማቸው ከበሩ ውጭ፣ በሞባይል መብራት
ሰዓት ይቆጥራል፤
"ስንተኛው ነው?" ይላል።

ለማንም አልነገርንም ነበርና
ለቅሶ የሚደርስ የለም።

ሊነጋ ሲል ቧንቧው አየር ብቻ ተፋ።
አንሶላውን በሳፋ አሽቶ፣
ገመዱ ላይ ሰቅሎ ገባ፤
በቀዘቀዘ እጁ ግንባሬን ነክቶ
"እንኳን ማርያም ማረችሽ" አለኝ፣
እንደ ወለደች ሴት።