ባለቤት

ማዳም ከለንደን ደወለች፦ «ሉሉን አንቺ ነሽ የምታውቂያት፤
ወይ አስመክኚያት፣ ወይ ተዪያት፤ እንደመሰለሽ አድርጊያት።»
ሰባት ዓመት ሳልሚያ ስኖር፣ ሩዙ እንኳ ይጠንክር ይላላ፣
ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም፤ ዛሬ ገና፣ ስለ ሌላ ገላ።

ሐኪሙ ሆዷን ዳበሰ፦ «ዳሌዋ ጠባብ ነው፤ ብታረግዝ ያሰጋታል፤
እንዲሁ ብትቆይም ማህፀኗ ኋላ ሊያመረቅዝ ይችላል።
እንቁረጠው ወይስ ይደር?»

«ይደር» ልል ነበር።
ባለፈው ወር ደሟ ሲታይ፣ የአራተኛ ፎቁ ውሻ
ሦስት ሌሊት እደጃችን አደረ፤
እሷም ከውስጥ፣ አፍንጫዋን በበሩ ስር ሰድዳ።
በመጥረጊያ ያባረርኩት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም።

እኔ ወደዚህ አገር ስገባ ደሜን ሽንቴን ወሰዱ፤
«ባዶ ናት» ብለው ማህተም መቱ።
አለፍኩ።

ጸሐፊዋ የከረን ልጅ ናት፤ ወረቀቱን ገፋ አድርጋ፦
«እዚህ ፈርሚ፣ እቱ፤ ‹ባለቤት› የሚለው ጋ።»

ቤት የለኝ። ባል የለኝ።
ባለቤት!
ሳቄ መጣ።
ሦስት ኪሎ የማትሞላ ፍጥረት፣ ክንዴ ላይ ሆና፣
በረኪና የሚሸት እጄን ላሰች።

ፈረምኩ።
«ስትነቃ ምን ትብላ?» አልኩት።
«ሩዝ» አለኝ። «ላላ ያለ።»