በሶ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ

ጦሳ ጉም ለብሶ፣ መስኮቱን አልቦት፣
ሠላሳ አንድ ሕፃን ገበቴውን ከብቦት፣
«ዛሬ እሳት የለም» አልኩ፤ ገብሱን ቤት ቆልቼ፣
ከሰኞ ገበያ ወፍጮ መጣሁ አስፈጭቼ።

እጅ ታጠብን በተራ፣ ባንድ ጆግ ውሃ፤
የደሴ ብርድ ሲነካት ጮኸች ነቢሃ።

ረቡዕ ነው፤ ቅቤውን ትቼ የኑግ ዘይት ያዝሁ፣
የሥርጉትን እናት ፊት አስቀድሜ አየሁ።

«ማንኪያውን ቁጠሩ» ብዬ በሶውን ስጨምር፣
ሰባት ላይ ስንደርስ አስነጠሰ ይመር።
ቅንድቡ፣ ሽፋሽፍቱ፣ አፍንጫው ነጣ፤
የአራት ዓመት ሽማግሌ ከየጥጉ ወጣ።

ከዚያ ጭበጣ።
አንዱ ባጃጅ ሠራ፣ ጎማው ሦስት ሳይሞላ
ሁለቱን በላ።
ዘምዘም ጦሳን ሠርታ ትኩር ብላ አየችው፣
ዱቄት ነስነስ አርጋ ጉም አለበሰችው።

በሩ ተንኳኳ።
ርእሰ መምህሩ፣ አቶ ሙሄ፣
ከነከረባቱ፣ ከነመዝገቡ፦
«የትኛው ትምህርት ነው ይሄ?
ሒሳብ ነው? ሳይንስ ነው?»
የዕቅድ ደብተሬን ገለጥኩ፤
ገጹ ዘይት ጠጥቷል፣ ከጽሑፉ የሚነበብ የለም።

እኔ መልስ ስፈልግ ይመር ተነሣ፣
አምስት ጣቱ የታተመበትን ጭብጦ ዘርግቶ፦
«እንካ ጋሼ።
ግን መጀመሪያ ታጠብ።»

ጆጉ ባዶ ነበር።
መስኮቱን በክንዳችን አበስን፣
ሠላሳ ሁለታችን ተደርድረን አየነው፤
ግቢው ቧንቧ ሥር፣ ጉሙ መሐል፣
ከረባቱን ወደ ትከሻው ጥሎ
እጁን ሲፈትግ።